ሁለት እኩል ሲባጎ

ገርጂ፣ አዲስ አበባ
መስከረም 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለሃይደር፣ ኮምቦልቻ

አሰላሙ አለይኩም። እርስዎስ፣ ቤተሰቡስ፣ ጋራዡስ እንዴት ነው? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እናቴ ሾላ ገበያ በርበሬዋን ትሸጣለች፤ ከሰው ጋር ትከራከራለች፤ ማታ እግሬን አይታ ማድ ቤት ትገባለች። እኔም ደህና ነኝ። ይህን ለወግ ያህል የጻፍኩ እንዳይመስልዎት።

ስምንት ወር ሙሉ ሳልጽፍልዎት በመቅረቴ ይቅርታ ይድረስዎት። ሰበብ አልደረድርም። ስልክ እንዳልደውል ጆሮዎ እንደሚያውቁት ነው። እናቴ ስትደውልልዎ የኮንዶሚኒየሙ አራት ፎቅ በሙሉ ይሰማታል፤ እርስዎ ብቻ ነዎት የማይሰሙት። ስለዚህ የሚያዋጣን ወረቀት ነው። ሙዘሚል ዛሬ የአይሱዙውን ጭነት ሾላ አራግፎ ነገ ወደ እናንተ ይመለሳል። ይህን ደብዳቤ ከኪሱ እንዳያወጣው አስምዬዋለሁ።

«እውነት ነው ወይ?» ብለው በእሱ በኩል ላስጠየቁኝ መልሴ፦ እውነት ነው። ተመልሼ ልነዳ ነው።

ስለ አደጋው ቀን አልጽፍልዎትም። ከዚያ ቀን በፊት ስለጻፍኩት ግን ልንገርዎ። በላብራቶሪው ድርጅት ውስጥ ከክሊኒክ ክሊኒክ ደም እየሰበሰብኩ በሞተር ሳመላልስ፣ ጠዋት ሞተር ስንረከብ የምንፈርምበት መዝገብ ነበር። እዚያ ላይ ሦስት ጊዜ «የፊት ፍሬኑ አይዝም» ብዬ ጽፌ ፈርሜያለሁ። ከሆስፒታል ስወጣ መዝገቡ ጠፍቷል ተባለ። «ከልክ ባለፈ ፍጥነት በማሽከርከሯ» የሚለው የስንብት ደብዳቤ ግን አልጠፋም፤ ማኅተሙ ሳይደርቅ ነው የደረሰኝ። ዩኒቨርሲቲ የላብራቶሪ ሳይንስ ተምሬያለሁ። አንድ ናሙና ስም ሳይጻፍበት ቢመጣ እንጥለዋለን። እነሱ ስሜን በትክክል ጽፈው ውስጡን ሐሰት ሞሉት።

እግሬ እናቴ እንደነገረችዎት ነው፤ የግራው፣ ከጉልበት በታች። ሰው ሠራሹን ለምጄዋለሁ፤ ደረጃ እወጣለሁ፤ ታክሲ እጋፋለሁ።

አሁን የቸገረኝ ምርጫ ነው። እናቴ «ባጃጅ» ትላለች።

«ሦስት ጎማ አለው፤ ጣራ አለው፤ ዝናብ አይመታሽም።»

«ቤትም ጣራ አለው፣ እማ።»

ጎረቤታችን እትዬ ሸምሲያ ደግሞ ሰሞኑን ደረጃው ላይ አስቁመው መከሩኝ። «ልጄ፣ አላህ አንዴ አስጠንቅቆሻል። ሁለተኛ አትፈታተኚው።»

«ያስጠነቀቀኝ ፍሬኑ ነው እትዬ ሸምሲያ። አላህማ አተረፈኝ» አልኳቸው። ከዚያ ወዲህ ሰላምታቸው ቀዝቅዟል።

እኔ የምፈልገው የድሮዬን ዓይነት ነው፤ ማርሽ ያለው፣ ሲነሳ የሚያጓራ፣ እርስዎ በክረምት እረፍት ጋራዡ ግቢ ውስጥ ያስተማሩኝን ዓይነት። ዐሥራ አራት ዓመቴ ነበር፤ «ከፈራሽ ውረጂ፤ ካልወረድሽ አትፍሪ» ነበር ያሉኝ። አልወረድኩም።

የሚቀጥረኝ ሰው አለ። እዚሁ ገርጂ ክሊኒክ ያለው ዶክተር ጸጋአብ «ፈተናውን እንደገና አልፈሽ መንጃ ፈቃድሽን አምጪ፤ የሥራውን ደብዳቤ እኔ እጽፋለሁ» ብሎኛል። እዚህ ከተማ በሞተር መሥራት ያለ እንዲህ ያለ ደብዳቤ እንደማይቻል ያውቃሉ። ፈተናው ጥር 20 ነው። ካለፍኩ ሞተረኛ ነኝ፤ ካላለፍኩ የእናቴ በርበሬ መዛኝ እሆናለሁ። በርበሬ ያስነጥሰኛል።

የትኛው ሞተር እንደሚሻለኝ ይንገሩኝ። ማዘንዎን አይጻፉልኝ።

የእህትዎ ልጅ ሱሀይላ


ኮምቦልቻ
ጥቅምት 17 ቀን 2017

ለሱሂ

ወአለይኩሙ ሰላም። ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አንዱን ያለ መነጽር ስለሆነ ሁለት ቁጠሪው።

ማዘኔን አትጻፍ ስላልሽ አልጻፍኩም። አብሽሪ።

ባጃጅን አትናቂ። ግማሽ ኮምቦልቻ እንጀራውን የሚበላው በእሱ ነው። እናትሽም ያላወቀችው ነገር አለ፤ የባጃጅ ማርሽ እጅ ላይ ስለሆነ ግራ እግር አይፈልግም። አንቺ የናቅሽው ሦስተኛውን ጎማ መሆኑን አውቃለሁ። አጓራ አላጓራ ብለሽ ሞተር እንደምትመርጪም አይቻለሁ። ዐሥራ አራት ዓመትሽ ላይ ነሽ ያለሽው።

መግዣውን አታስቢ። እኔ ዘንድ የተሻለ ነገር አይጠፋም። ነገር ግን ሁለት ነገር እፈልጋለሁ።

አንደኛ፦ ስትቆሚ የትኛውን እግር ነው የምታወርጂው? ሰውን መንዳት አይጥለውም፤ ሰውን የሚጥለው መቆም ነው። አስበሽ ሳይሆን አይተሽ መልሺልኝ።

ሁለተኛ፦ ልኬትሽን ላኪ። በሜትር አልፈልግም፤ በቁጥር የመጣልኝ ሥራ ሁሉ ተመልሶብኛል። ሲባጎ ላኪልኝ። ከዳሌሽ አጥንት እስከ ጉልበትሽ ለኪና ቋጥሪ፤ ከጉልበትሽ እስከ መሬት ለኪና ቋጥሪ። ለቀኝ አንድ፣ ለግራ አንድ። ጫማሽን አውልቂ። ወገብሽን ግድግዳ አስደግፊ፤ ሲባጎውን እናትሽ ትያዝልሽ። ራሱን የሚለካ ሰው ሁልጊዜ ይረዝማል።

አላህ ያግራልሽ።

አጎትሽ ሃይደር


ገርጂ
ኅዳር 8 ቀን 2017

ለተከበሩ አጎቴ

ሰላምታዬ ከእግር እስከ ራስዎ ይድረስ። ሙዘሚል ደብዳቤዎን ሲሰጠኝ «ሽማግሌው እየሳቀ ነው የጻፈው» አለኝ። ደስ አለኝ።

ሲባጎዎቹ በፖስታው ውስጥ ናቸው። ቀይ ክር ያሰርኩበት የግራው ነው። እናቴ ሱቅ ስለነበረች ራሴ ነኝ የለካሁት፤ አልረዘምኩም። ስለ እግር የጠየቁኝን ሌላውን ጥያቄ በሚቀጥለው እመልሳለሁ። ሙዘሚል ሞተሩን አስነስቶ እየጠበቀኝ ስለሆነ እዚህ ላይ አበቃለሁ።

ሙዘሚል ምሳ ሊበላ ገባ፤ ስለዚህ አላበቃሁም።

ባለፈው ሳምንት ከድርጅቱ ሰዎች መጥተው ነበር። ሥራ አስኪያጁ አቶ ዘርአጽዮን ራሱ ከፎቶ አንሺ ጋር አራት ፎቅ ወጥቶ መጣ። እኔ በየቀኑ የምወጣውን ደረጃ እሱ ሁለት ጊዜ አርፎበታል። አበባ ይዟል። እናቴ ምን ታድርግ፤ ለስላሳ ከፈተችለት።

«ጀግናችን! በጣም አምሮብሻል» አለኝ።

«ጠግቤ ስለምተኛ ነው።»

የመጣበትን ነገረኝ። ለድርጅቱ ምሥረታ በዓል ትልቅ ፖስተር ሊያሠሩ ነው። እኔ አዲስ ሞተር አጠገብ ቆሜ፣ ሱሪዬን እስከ ጉልበቴ ሰብስቤ፣ ብረቱ እየታየ። ከሥሩ «ከእኛ ጋር ምንም አይቆምም» የሚል ይጻፍበታል። በዚያ ላይ ስልክ የምቀበልበት ወንበር አዘጋጅተውልኛል።

«አቶ ዘርአጽዮን፣ መዝገቡ ተገኘ?»

«የቱ መዝገብ?»

«እንግዲያው ጀግናዋም አልተገኘችም» አልኩት።

ፎቶ አንሺው ሳቁን ለመደበቅ ካሜራውን አጎንብሶ መጠራረግ ጀመረ። አቶ ዘርአጽዮን «ትምህርትሽ ነው ያበላሸሽ» አለኝ ደረጃው ላይ ሆኖ። አበባውን እትዬ ሸምሲያ ወሰዱት፤ ሰላምታችንም በዚያው ሞቀ።

ሰብሊን ያስታውሷታል? አብራኝ ስትሠራ የነበረችው ልጅ። እሷም ለቃ አሁን የራሷ ሞተር አላት፤ ማርሽ ያለው፣ የሚያጓራ። በእሑድ እሑድ ግቢያችን ውስጥ ልታስለማምደኝ ነው። የእርስዎ ሞተር እስኪመጣ እጄ አይዛግ ብዬ ነው። እግሬማ ዝገቱን ከፋብሪካ ይዞ ነው የመጣው።

ቀልዴ ካላሳቀዎት መልሰው ይላኩልኝ።

ሱሀይላ


ገርጂ
ታኅሣሥ 12 ቀን 2017

አጎቴ

ሰላምታዬን በአጭሩ ይቀበሉኝ። መንገዱ ተዘግቶ ነበር መሰለኝ፣ ሙዘሚል ከመጣ ወር አልፎታል። ይህን በደሴ አውቶቡስ ሹፌር ልኬዋለሁ፤ ጋራዥዎን አውቀዋለሁ ብሎኛል።

ምንም ነገር አይላኩ። መሥራት ጀምረውም ከሆነ ያቁሙ። በላክሁልዎት ልኬት የተሠራ ሞተር ይገድለኛል።

እሑድ የሆነውን ሰብሊ ታውቃለች፤ የክርኔ ቆዳም ያውቃል። ከዚህ በላይ አልጽፍም። የጠየቁኝን ግን አሁን አይቼ እመልሳለሁ፦ ስቆም የወረደው ግራው ነው። ዐሥር ዓመት የወረደው እግር ሳላዝዘው ወረደ። መሬት ሲነካ የብረቱ ጉልበት ታጠፈ።

የብረቱ ጉልበት ማለቴን ልብ ይበሉ። የራሴ ጉልበት የለኝም፣ አጎቴ። የተቆረጠው ከጉልበት በላይ ነው።

እናቴ የሠራችውን ያውቁታል፤ እኛ ቤት ክፉ ወሬ ተቆራርሶ ነው የሚነገረው። የመጀመሪያ ቀን «ቁርጭምጭሚቷን ተጎዳች» አለችዎት። በሁለተኛው ሳምንት «እግሯን ነው» አለች። በወሩ «ከጉልበት በታች ነው» አለች። የቀረውን ልትነግርዎ ስልኩን ስታነሳ «ተዪው፣ እኔ እነግረዋለሁ» ብዬ ከእጇ ወሰድኩ። ይኸው ዓመት ሊሞላኝ ነው።

የላክሁልዎት ሁለቱም ሲባጎ የቀኝ እግሬ ነው። እናቴ ሱቅ አልነበረችም፤ ማድ ቤት ነበረች። እንዳታየኝ በሩን ዘግቼ አንዱን እግር በሁለት ሲባጎ ለካሁና በአንዱ ላይ ቀይ ክር አሰርኩ። አቶ ዘርአጽዮንን በሐሰት ወረቀት የምከስስ እኔ፣ የሐሰት ሲባጎ በፖስታ አሽጌ ላክሁ። ይህ ነው ከክርኔ በላይ የሚያመኝ።

ለምን እንደሆነ ልንገርዎ። እንዲያዝኑልኝ ፈርቼ አይደለም። የሌላው ሰው «አትችዪም» ለእኔ ነዳጅ ነው። የእርስዎ ግን አይደለም። እርስዎ «አትነጂም» ካሉኝ አምንዎታለሁ ብዬ ፈራሁ።

እውነተኛውን ሲባጎ ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። ቋጠሮው አንድ ብቻ ነው። ይህን ለክተው አይነዳም ካሉ፣ ይጻፉልኝ። እቀበላለሁ። ለአንድ ቀን ያህል።

ሱሀይላ


ኮምቦልቻ
ታኅሣሥ 11 ቀን 2017

ለሱሂ

ሰላም ለአንቺ ይሁን። መንገዱ ተከፈተ፤ ሙዘሚል ይህን ደብዳቤና በሸራ የተሸፈነ ነገር ያመጣልሻል። ደብዳቤውን ሳታነቢ ሸራውን አትግለጪ። እንደምትገልጪው አውቃለሁ።

ሲባጎዎችሽ ደረሱኝ። ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ዘረጋኋቸው። እኩል ናቸው። አርባ ዓመት ሙሉ ለሞተር ሰው ስለካ ሁለት እኩል እግር ያለው ሰው አላጋጠመኝም። ኳስ ተጫዋች ለክቻለሁ፤ ወታደር ለክቻለሁ፤ አንዱ እግር ሁልጊዜ በጣት ያህል ይበልጣል። ሁለት ጤነኛ እግር ያለው ሰው ያልላከልኝን አንቺ በአንድ እግር ላክሽልኝ።

ደግሞ እኔ የወሎ ሰው ነኝ፤ መርዶ እንዴት እንደሚነገር አውቃለሁ። «ትንሽ አሞታል» ሲሉን ጫማችንን እናጠልቃለን፤ «ጠናበት» ሲሉን ድንኳን ተተክሎ እንደሚጠብቀን እናውቃለን። እናትሽ መኪያ «ቁርጭምጭሚቷን» ስትለኝ እኔ እግርሽን ብዬ ሰማሁ። «ከጉልበት በታች» ስትለኝ ከጉልበት በላይ ብዬ ሰማሁ። ጆሮዬ ሞተር ቢበላውም የእህቴን ወሬ ምን ያህል ጨምሮ መስማት እንዳለበት አልረሳም።

ለምን አልጠየቅኸኝም ትዪኝ ይሆናል። ብጠይቅሽ ሌላ ውሸት ትጽፊልኝ ነበር። ወረቀት ማባከን ነው።

አሁን ሸራውን ግለጪው።

ስደቢኝ። እጠብቅሻለሁ።

ጨረስሽ? አዎ፣ ኤሌክትሪክ ናት። አዎ፣ ስኩተር ናት። ማርሽ የላትም፤ ፍሪሲዮን የላትም። ሁለቱም ፍሬን እንደ ብስክሌት እጅ ላይ ነው፤ የፊቱ በቀኝ፣ የኋላው በግራ። መሐሏ ክፍት ስለሆነ እግር አንሥተሽ መሻገር የለብሽም፤ እንደ ወንበር ገብተሽ ትቀመጫለሽ። እዚህች ሞተር ላይ ቀኝ እግርሽ አንድም ሥራ የላትም፣ መሬት ከመርገጥ በቀር። የመረጥኳት ለዚህ ነው። አንቺ ያማረሽ ሞተር ለግራ እግር ማርሽ፣ ለቀኝ እግር ፍሬን፣ ለመቆም ሌላ እግር ይፈልጋል። ሦስት እግር ያለው ሰው ይንዳው።

ያደረግኩትን ልንገርሽ። በግራ በኩል መርገጫውን አስፍቼ ለብረት እግርሽ ጫማ የሚገባበት ከለላ ሠራሁ። ከፊትና ከጎን ይይዘዋል፤ ከኋላ ክፍት ነው። አላሰርኩትም። ብትወድቂ ሞተሯ አንቺን ይዛ እንዳትጎተት፣ እግሩ ሾልኮ ይውጣ። ማቆሚያዋን ከግራ ወደ ቀኝ አዞርኩት። ባትሪዋንም ጥቂት ወደ ቀኝ ገፋሁት፤ ስትቆም ወደ ቀኝ ማዘንበል ትወዳለች። እሷ ትለምዳለች፤ አንቺ ነሽ የምታስቸግሪው።

አንድም ቦታ አልበየድኩም። ባለቤቱ ሳይቀመጥበት በይጄ አላውቅም። ሁሉም በቡሎን ነው፤ ለእያንዳንዱ አምስት አምስት ቀዳዳ በስቼለታለሁ። እውነተኛውን ልክ የምታውቂው አንቺ ነሽ። የቡሎኑ መፍቻ ቁልፍ ከመቀመጫው ሥር አለ።

ስለ ማጓራቱ ደግሞ ስሚኝ። እኔም እንዳንቺ ሞተር ሲያጓራ ደስ ይለኝ ነበር። አርባ ዓመት ጆሮዬን ቀለብኩት። የልጅ ልጆቼ ሲስቁ አፋቸውን ነው የማየው። ይህቺ አትጮህም። አንቺ ስሚ።

ሁለቱን ሲባጎዎች መልሼልሻለሁ፤ የእኔ ዕቃ አይደሉም።

ፈተናሽ ጥር 20 ነው ብለሻል። ጥያቄዬን ግን አልመለስሽም፦ ስትቆሚ የትኛውን ነው የምታወርጂው?

አጎትሽ ሃይደር


ገርጂ
ታኅሣሥ 29 ቀን 2017

ለተከበሩ አጎቴ

ሰላምታ፣ ይቅርታና ስድብ በአንድ ላይ ይድረስዎት። ደብዳቤዎቻችን መንገድ ላይ ተላልፈዋል። የእርስዎ የተጻፈው የእኔ ሊጻፍ አንድ ቀን ሲቀረው ነው። ደብረ ብርሃን አካባቢ ሳይተያዩ ያለፉ ይመስለኛል። እኔ ለመናዘዝ ሌሊቱን ሙሉ ስጨነቅ፣ እርስዎ ቡሎን አጥብቀው ተኝተዋል።

ሸራውን ደብዳቤውን ሳላነብ ገለጥኩት። «ስኩተር!» ብዬ ስጮህ እትዬ ሸምሲያ በመስኮት ብቅ አሉ። ሙዘሚልን መልሰህ ጫን አልኩት። እሱ አይሱዙው ላይ ተደግፎ «ሽማግሌው ሰድባህ ስትጨርስ ደብዳቤውን ስጣት ብሎኛል» አለኝና ሰጠኝ። ግቢው ውስጥ ቆሜ አነበብኩ። ስለ ሲባጎዎቹ የጻፉት ጋ ስደርስ ቁጭ አልኩ፤ የቅርቡ ወንበር ስኩተሯ ነበረች።

እንግዲህ መጀመሪያ የተቀመጥኩባት እንዲህ ነው።

ለልኬቱ በሩን አልዘጋሁም። እናቴ ሲባጎውን ያዘችልኝ። እጇ ላይ በርበሬ ስለነበረ ሲባጎው ቀላ። አንዱን ቋጠሮ ቋጠረችና ቁልፉን ከእጄ ተቀብላ ቡሎኑን ራሷ ፈታች። ለካ ታውቃለች!

«እንዴት ቻልሽበት?» አልኳት።

«ሃይደር ወንድሜ አይደለም እንዴ? ልጅ ሆነን ብስክሌቱን የምፈታለትም የምይዝለትም እኔ ነበርኩ። አንተ ሂድ፣ እኔ እይዛለሁ እያልኩ» አለች። ይህን ነግረውኝ አያውቁም። ወሬ የምትቆራርሱት ሁላችሁም ናችሁ።

ልኬ አራተኛው ቀዳዳ ላይ ነው። እርስዎ ቡሎኑን አጥብቀው የላኩት ሦስተኛው ላይ ነበር። በአንድ ቀዳዳ ብቻ ነው የሳቱት፤ ሳያዩኝ።

ችግሩ እግሬ ነው፤ ያለኝም የሌለኝም። ጠዋት ጠዋት መኪኖቹ ከግቢ ሲወጡ እለማመዳለሁ። ወገቤ እየዞረ አሁንም ግራውን ያወርዳል። አሥር ጊዜ ብቆም አራቱን በግራ ነው። ሰብሊ ከጎኔ እየሮጠች «ቀኝ! ቀኝ! ቀኝ!» ስትል የሰፈሩ ሕፃናት ተቀበሏት፤ አሁን ዳቦ ልገዛ ስወጣ እንኳ «ቀኝ!» ይሉኛል።

የሐሰቱን ሲባጎ፣ ቀይ ክር ያለበትን፣ ቀኝ ጫማዬ ላይ አስሬዋለሁ። ስቆም ዓይኔ እዚያ ይሄዳል። ስላፈርኩበት አይደለም ያሰርኩት። ሥራ ፈትቶ እንዳይቀመጥ ነው።

ሌላ ልጽፍልዎት የምፈልገው አለ። ማለዳ ላይ እየነዳሁ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የጎማን ድምፅ ሰማሁ። ኮብልስቶን ላይ አንድ ዓይነት ነው፤ አስፋልት ላይ ሌላ ነው፤ እርጥብ መሬት ላይ ደግሞ ሌላ። ዐሥር ዓመት ነድቼ አላውቀውም ነበር። ኮምቦልቻ ስመጣ በእጄ ምልክት እየሰጠሁ እነግርዎታለሁ።

ጥያቄዎን አልረሳሁትም። ከአሥር ስድስት የሆነ መልስ አልልክም።

ሱሀይላ


ገርጂ
የካቲት 3 ቀን 2017

ለተከበሩ አጎቴ ለሃይደር

አሰላሙ አለይኩም። እንዴት ሰነበቱ? ውጤቱን ሙዘሚል በቃሉ እንዳይነግርዎት ከለከልኩት፤ ከእኔ እጅ እንዲያገኙት ብዬ ነው። ፊቱን አይተው ካወቁ ግን ጥፋቱ የእኔ አይደለም።

ስለ ፈተናው ቀን ብዙ አልጽፍም። ፈታኙ ስምንት ቁጥር ሠርቼ እንድመለስ አዘዘኝ። ቁጭ ብዬ ስጠብቅ ጊዜ «አስነሺ እንጂ!» አለኝ። «ተነሥታለች» አልኩት። ጎንበስ ብሎ አዳመጠ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ከዚህ ደብዳቤ ጋር የላክሁት የመንጃ ፈቃዴ ኮፒ ይነግርዎታል። ዶክተር ጸጋአብም ቃሉን ጠብቆ የሥራውን ደብዳቤ ጻፈ። ታርጋ አለኝ፤ በኋላ መቀመጫዋ ላይ የበረዶ ሳጥን አለኝ። እናቴ ሾላ ለደንበኞቿ ሁሉ ስለነገረች በርበሬ የገዛ ሰው በሙሉ ስለ እኔ ያውቃል። ባጃጅ የሚለውን ቃል ግን ከአፏ አልሰማሁም።

አንድ ነገር ግን ሸሽጌዎት ነበር፤ የመጨረሻው ነው። ዶክተር ጸጋአብ ናሙናውን ለምርመራ የሚልከው ወዴት እንደሆነ አልነገርኩዎትም። የሚልከው ወደ ድሮ ድርጅቴ ነው፤ ቦሌ። ይህን ከመጀመሪያው ቀን አውቅ ነበር። ከሁሉም ክሊኒክ ይህን የመረጥኩት ለምን ይመስልዎታል?

ትናንት የመጀመሪያውን ሳጥን ወሰድኩ። ከገርጂ ተነሥቼ፣ በቦሌ በኩል። መንገዱን ሁሉ በጎማዬ ሰማሁት። ግቢያቸው በር ላይ ያ ፖስተር ተለጥፏል፤ ሌላ ሰው ቆሞበታል፣ ሁለት እግር ያለው። ናሙና መቀበያው ጋ ሰው ስላልነበረ አቶ ዘርአጽዮን ራሱ ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብሎ ስልኩን ያይ ነበር። ሳጥኑን ከፊቱ ሳስቀምጠው ብድግ አለ።

«ሱሀይላ! ሳልሰማሽ መጣሽ እኮ።»

«ሦስት ጊዜ ጽፌልዎት ነበር» አልኩት።

የማስረከቢያ መዝገቡን አቀረብኩለት፤ አሁን መዝገቡ የክሊኒኩ ነው፤ እኔ ጋ ነው የሚያድረው። ቀኑን ጻፈ፤ ሰዓቱን ጻፈ፤ ስሙን ጻፈ፤ «በትክክል ተረክቤያለሁ» ከሚለው ሥር ፈረመ። ቀለሙ እስኪደርቅ ጠበቅኩና መዝገቡን ዘግቼ ወጣሁ። ነገም እሄዳለሁ። ከነገ ወዲያም።

ከበራቸው ፊት ለፊት ዳገት አለ፤ ከጥቅምት ጀምሮ የጠየቁኝን ጥያቄ እዚያ መለስኩት። ልወጣ ስል አንድ መኪና ድንገት ከፊቴ ቆመ። ሁለቱን ፍሬን ያዝኩ። ዘበኛው ያየኛል፤ ፖስተሩ ያየኛል። ጫማዬን ለማየት ጊዜ አልነበረም፤ ሳላስብ ቆምኩ። እግር አወረድኩ፤ መሬቱ ያዘኝ። የትኛው እንደሆነ ጎንበስ ብዬ አየሁ።

ቀኙ ነው።

የእህትዎ ልጅ
ሱሀይላ